ለመሬት የምንመልሰው

ከጥቂት ጊዜ በፊት በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከሚገኝ የገጠር ቀበሌ የመጣ አንድ ገበሬ ጥያቄ አቀረበልን። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሞልቶ አዲስ ቆፍሯል፤ በአሮጌው ጉድጓድ የነበረው ግን ከርሞ ደርቆ አፈር መስሏል። «አባ፣ ይህን አውጥቼ ድንች ማሳዬ ላይ ብበትነው ኃጢአት ይሆንብኛል? ጎረቤቶቼ ነውር ነው ይሉኛል» አለን። ፈጥነን «ኃጢአት የለበትም» ልንለው ቃጥቶን ነበር። ቆም ብለን ስናስብበት ግን ጥያቄው ከመሰለን ይልቅ የጠለቀ ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ ነውርና ኃጢአት አንድ አለመሆናቸውን መለየት ይገባል። ነውርን የሚፈርደው ብዙ ጊዜ አፍንጫና ልማድ ነው፤ ኃጢአትን የሚለየው ግን በእግዚአብሔር ፊት የቆመ ኅሊና ነው። ፍግ በቅዱስ መጽሐፍ ዘንድ የተናቀ ነገር አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የምናገኘው የአትክልት ሠራተኛ ፍሬ ያጣችው በለስ እንዳትቆረጥ ሲለምን፣ ተስፋውን የጣለው ዙሪያዋን በመኮትኮትና ፍግ በማድረግ ላይ ነበር። በሌላ በኩል ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ሕዝቡ ከሰፈር ወጥቶ ቆፍሮ እንዲጸዳዳና መልሶ እንዲከድነው ያዝዛል። ሁለቱን አብረን ስናነብ መሬትን መመገብና የጎረቤትን ጤና መጠበቅ የማይጣሉ ግዴታዎች መሆናቸውን እንረዳለን።

የጎጃም ደጋ መሬት ደግሞ በእርግጥ ተርቧል። ማገዶ በመመናመኑ ለማሳ የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። በዝናብ የታጠበው አፈር በብዙ ስፍራ አሲዳማ ሆኖ ኖራ ይፈልጋል። የማዳበሪያ ዋጋም የገበሬውን አቅም ይፈትናል። ስለዚህ ከሰው የወጣውን ወደ መሬት ለመመለስ ማሰብ ብልህነት እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ስለ ጀርሙና ስለ ወስፋት እንቁላሉም ቢሆን መላው የታወቀ ነው፤ ከገለባና ከቅጠል ጋር ተከምሮ ሲብላላ፣ ክምሩም እየተገላበጠ ሙቀቱ ለተከታታይ ቀናት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይወርድ ከቆየ አብዛኛው ይሞታል።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? አባቶቻችን ወደ መሬት የመለሱት መሬት የሰጠቻቸውን ብቻ ነበር። ዛሬ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ፌስታሉ፣ የሕፃናት ዳይፐሩ፣ የንጽሕና መጠበቂያው ሁሉ ይጣልበታል። በከተማም ከፖሊስተር የተሠራ ልብስ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ክር ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል። ፕላስቲክ አይበሰብስም፤ እየደቀቀ ይሄዳል እንጂ። ከ5 ሚሊሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ጀርምን የሚገድለው የብስባሽ ሙቀት ይህን አያጠፋውም።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። አንድ ሰው ከዋጠው አሞክሳሲሊን ከግማሽ የሚበልጠው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ለከብት የሚሰጠው ቴትራሳይክሊንም እንዲሁ በከፊል ከሽንትና ከእበት ጋር ይወጣል። በዚህ ላይ ከቤት የተረፈው ካፕሱል ይጨመራል። በቆሻሻው ውስጥ የሚኖሩት ጀርሞች መድኃኒቱን በጥቂቱ እየቀመሱ ሲኖሩ ደካማው ይሞታል፤ የሚቋቋመው ተርፎ ይራባል። ከዚህም አልፎ የመቋቋም ችሎታውን ለሌላ ዓይነት ጀርም ሊያስተላልፍ ይችላል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው አልተሰማም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት ሰዎች በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል።

ይህ ጉዳይ በትልልቅ ከተሞች ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ ቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ሲጣራ ውሃው ወደ አቃቂ ወንዝ ይለቀቃል፤ ዝቃጩ ወደ ማድረቂያ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ማጣሪያ ከፍሳሹ ጋር ከመጣው ማይክሮፕላስቲክ አብዛኛው የሚቀረው በዝቃጩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃው ጠራ ማለት ክፉው ነገር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦታ ለወጠ ማለት ነው። ካልተጣራው ፍሳሽ ብዙው ደግሞ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይገባል። በዚያው በአቃቂ ዳርቻ ገበሬዎች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣሉ። በአውሮፓም ክርክሩ አላለቀም። ስዊዘርላንድ ዝቃጭን በእርሻ ላይ መበተን እ.ኤ.አ. በ2003 ከልክላለች። የአውሮፓ ማኅበር በ1986 ያወጣው መመሪያ ግን የከባድ ብረቶችን መጠን ወስኖ ፈቅዶታል፤ ስለ ማይክሮፕላስቲክና ስለ መድኃኒት መላመድ ግን ገደብ አላስቀመጠም።

እንግዲህ በደለኛው ማን ነው? አንድ ሰው አንድ ካፕሱል በመጣሉ ማንም አይሞትም፤ አንድ ፌስታልም ማሳ አያበላሽም። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ስለሚጨምር ጉዳቱ ባለቤት ያጣል። ነገር ግን ባለቤት ያጣ ጉዳት ተጎጂ አላጣም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ሲከለክል፣ ያኖረው ማን እንደሆነ ዕውሩ ስለማያይ ነገሩ የሚቀልል አለመሆኑን ያስተምረናል። ከገበያ ሰላጣ ገዝታ ለልጆችዋ የምታቀርብ እናት በዚህ ጉዳይ ማየት የማትችል ናት። ማይክሮፕላስቲክ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ምርምሩ ገና ቀጥሏል፤ ይሁን እንጂ ከማሳ ተለቅሞ ሊወጣ የማይችልን ነገር ከመበተን በፊት መጠንቀቅ የአስተዋይነት ግዴታ ነው።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ማኖር ፍትሕ አይደለም። እርሱ የሚቀበለው ሌላው የጣለውን ነው። በአገራችን ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌስታልን ጥቅም በጥብቅ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወደ ጉድጓዱ የሚጥለውን ቆሞ ሊቆጥር አይችልም። ያ የኅሊና ሥራ ነው።

ለጠያቂያችን የሰጠነው መልስ ይህ ነበር። መሬትን መመገብህ በጎ ሥራ ነው፤ ይህን ግን ለድንቹ ሳይሆን ለባሕር ዛፍህና ለጌሾህ አድርገው። ለሚበላው ማሳ የምታስበውን ከእንግዲህ በአዲሱ ጉድጓድ ጀምር፤ ፌስታልና መድኃኒት እንዳይገባበት ቤተሰብህን አስተምር፤ በሚገባ ሳይብላላም አታውጣው። እርሱም ካዳመጠን በኋላ «በእናንተስ ግቢ የተረፈ መድኃኒት የት ይጣላል?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ለዓመታት በቁምስናችን መጸዳጃ ውስጥ ስንጥለው ኖረናል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የኅሊና ምርመራን ለወጣቶች ሲያስተምሩ ይህንንም እንዲያነሱ እናሳስባለን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ገዝተናልን? የታዘዘልንንስ እንደታዘዘው ወስደናልን? የተረፈውን ወደ ጤና ተቋም ወስደን የሚወገድበትን መንገድ ጠይቀናልን? ወይስ እንደ እኛ ዓይናችን ከማያየው ስፍራ ጥለን ተገላገልን ብለናል? እግዚአብሔር ምድርን እናበጃትና እንጠብቃት ዘንድ ሰጠን። ነገ ለልጆቻችን የምታበላቸው ዛሬ የመለስንላትን ነው። የጌታችን ጸጋ ይርዳን።