ግንቡ ሲፈርስ ቅድስናውም ይፈርሳል?

በሸዋ፣ ከሞላሌ ከተማ ወደ ደቡብ፣ አንኮበር ተራራ ላይ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈው በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ቁራጭ ነው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከሄዱ በኋላ አዳራሹ ባለቤት አጣ። በአንኮበር መድኃኔዓለም ግን ዛሬም ይቀደሳል።

ልዩነቱ ከምን መጣ?

ለማነጻጸር ያህል፣ በስዊድን ገጠር የአልቫስትራ ገዳም በ1143 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ጉስታቭ ቫሳ የአገሪቱን ቤተ ክርስቲያን ሀብት ሲወርስ ገዳሙ ተዘጋ፤ ድንጋዩም ለቫድስቴና ቤተ መንግሥት ግንባታ ተጋዘ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ጣሪያ የሌለው ቅስትና ሣር የወረሰው ወለል ነው።

በሸዋ ያለው የደብረ ሊባኖስ ገዳምም በዚያው ዘመን፣ በ1531 እ.ኤ.አ.፣ በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥሏል። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ ተጨፈጨፉ። ገዳሙ ግን ከሁለቱም በኋላ ተነሣ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ሕንፃን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው በጳጳስ የተባረከው ታቦት ነው፤ ግድግዳው ቢወድቅ ሌላ ይሠራለታል።

ይህ እምነት ግን ፍርስራሽን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። የአንኮበሩ ግንብ ታቦት የለውም፤ ካህንም ሆነ ምእመን አያድሰውም። ድንጋዩ እንደ አልቫስትራው ለሌላ ግንባታ እንዳይነሣ መጠበቅ የሸዋ ሰው ዕዳ ነው።