ልብስን በማስተዋል ስለ መግዛትና በሥርዓት ስለ መልበስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልብስ ለሰው ልጅ ስለ ምን እንደ ተሰጠ ለማወቅ የምንሻ ሁሉ አስቀድመን ወደ ኦሪት ዘፍጥረት መመለስ ይገባናል። አዳምና ሔዋን ትእዛዝ አፍርሰው ዕራቁታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ የሰፉት የበለስ ቅጠል አልበጃቸውም፤ እግዚአብሔር ግን ከገነት ከማስወጣቱ አስቀድሞ የቁርበት ልብስ አዘጋጅቶ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥21)። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የልብስ የመጀመሪያ ሥራ ኀፍረትን መሸፈንና ሥጋን ከብርድና ከእሾህ መጠበቅ ነው፤ ጌጥ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሁለተኛ፥ የታረዘውን ያለበሰ የመጀመሪያው እርሱ ራሱ ፈጣሪ ነው። እንግዲህ ልብስ ስንገዛም ሆነ ስንለብስ ይህን ቅደም ተከተል ያፋለስን እንደ ሆነ የጎዳነው ኪሳችንን ብቻ አይደለም፤ የልብስን ምሥጢርም አጥፍተናል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በአዊ ምድር በየዓመቱ የሚታየው ነገር ነው። እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላሉ ከሩቅ የሚመጣ ልብስ አይጠፋባቸውም። ገበሬው ገብሱንና ድንቹን፥ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደግሞ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ ያከሰለውን ከሰል ሸጦ ገንዘብ በእጁ ይገባል። ጥር 11 ቀን ጥምቀት ነው፤ ጥር 23 ቀን ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። ከመጀመሪያው በዓል እስከ ሁለተኛው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የቤቱ ሁሉ ዐሳብ ግን በልብስ ላይ ይውላል።

በዓልን በንጹሕ ልብስ ማክበር የአባቶቻችን ሥርዓት ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነጭ ኩታ የትንሣኤን ብርሃን ያሳስባል፤ ነጠላ በቤተ ክርስቲያን በመስቀል አምሳል አጣፍቶ መልበስ ራሱ ስብከት ነው፤ ያው ነጠላ በኀዘን ጊዜ ተዘቅዝቆ ሲለበስ የጎረቤትን ልብ መጉዳት ያለ ቃል ይናገራል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውም ምሳሌ በዓሉን ለማክበር የተነገረ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ብዙዎች አለ መጠን ወስደውት በአራጣ ተበድረው፥ ለዘር የተቀመጠውን እህል ሸጠው ቀሚስ ሲገዙ ይታያል። በዓሉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ዕዳው ግን እስከ ክረምት ይቆያል፤ በሐምሌ ዝናብ ጊዜም ያችው ቀሚስ በሣጥን ተቀምጣ ልጆቹ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። እንጅባራ ደጋ ነውና የክረምቱን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዕዳ የተገዛ ጌጥ በዓልን አከበረ አይባልም፤ የቤቱን ሰላም አሳጣ ይባላል እንጂ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ጉዳት አለ። በዚያ በጥር ወር ፈረሱ በኮርቻና በልዩ ልዩ ጌጥ ተሸልሞ፥ ባለቤቱም አዲስ ኩታ ደርቦ ሲወጣ፥ በስተኋላ የሚከተለው የቤቱ ልጅ ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን ነው። ይህ ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታየን። ቀዩ የደጋ አፈር ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው፤ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ አልፈው ገብተው ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ሥሮች እያቆሰሉ ይዘጓቸዋል። እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ በየጊዜውም ትኩሳትና ሥቃይ ይመላለሳል። ሕዝባችን ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ደግሞ በትንኝ ከሚተላለፈው ሌላ ዝሆኔ ለይተው ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ ከእግርና ከትቢያ ስም የመጣ ነው። በሽታው ከአፈር መሆኑን አጥብቆ ያስረዳው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በአገራችን የታመሙት ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበትና ቀይ አፈር ያለው የጎጃም ደጋም በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ይህ ሕመም መርገም አይደለም፤ የሟርት ሥራም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ሰውነት ለአፈሩ ይበልጥ የሚሸነፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አፈሩ ያልነካው እግር አይታመምም። መከላከያውም ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ መጫማትና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። የታመመውም ሰው እግሩን ዕለት ዕለት አጥቦ፥ አድርቆ፥ ቆዳውን ቅባት ቀብቶ፥ ዘወትር ቢጫማ እብጠቱ ይቀንስለታል። ስለዚህ ለገበያ የሚወጣ አባት የመጀመሪያውን ብር ለልጁ ጫማ፥ ሁለተኛውን ለሳሙና፥ ሦስተኛውን ለሚያሞቅ ልብስ ያውል፤ ጌጡ የተረፈውን ይጠብቅ።

ምናልባት «አባቶቻችን ባዶ እግራቸውን ሄደው ጸድቀዋል፤ ጫማ ትዕቢት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ነገሩን አለመለየት ነው። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው የቆመበት ስፍራ የተቀደሰ ስለ ሆነ ነው (ዘፀ. 3፥5)፤ እኛም በቤተ መቅደስ ጫማችንን የምናወልቀው ስለዚሁ ክብር ነው። የሚያወልቅ ግን አስቀድሞ የተጫማ መሆን አለበት። በእርሻና በመንገድ ባዶ እግር መሄድ ለብዙው ሰው የማጣት ምልክት ነው፤ የማጣትን ጉዳት ደግሞ ጽድቅ ብለን ልንሰይመው አይገባም። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ አባቱ ካደረገለት ነገር አንዱ ለእግሩ ጫማ ማስደረግ እንደ ሆነ ጌታችን በምሳሌው አስተምሯል (ሉቃ. 15፥22)። ባሪያ ሊሆን የመጣውን በልጅነት ክብሩ መለሰው፤ ጫማውም የዚህ ክብር ምልክት ሆነ። ካህናትም የቤተ መቅደሱን ወለል በንጽሕና ቢያስጠብቁ፥ ከደጁም የእግር መታጠቢያ ውሃ ቢያኖሩ የሥርዓቱ ክብርና የምእመናን ጤና ባንድነት ይጠበቃሉ።

አሁን ደግሞ ስለ አገዛዙ ጥቂት እንናገር። ጥሩ ሸማችነት ስስት አይደለም፤ እግዚአብሔር በእጃችን ያኖረውን ላብ ማክበር ነው። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ስለሚሻማ ዋጋው ይንራል፥ ሸማኔውም ይጣደፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መግዛትና አስቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። ሸማ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ይመልከት፤ ድርና ማጉ ተቀራርቦ የተመታ ከሆነ ብርሃኑ በአንድነት ያልፋል፤ እዚህ የሳሳ እዚያ የጠነከረ ከሆነ ግን በሁለተኛው እጥበት ይጣመማል። ጥለቱን እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዞ ቢያሽ ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ያገኘዋል። ዛሬ የጥበብ መልክ በመኪና የታተመበት ጨርቅ በየገበያው አለ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ የእጅ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ ግን ውሸት ነው፤ ሳይጠይቁ መግዛትም ስንፍና ነው። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ልብስ እሳት ሲነካው ቀልጦ በገላ ላይ ስለሚጣበቅ በምድጃ ዳር ለምትውል እናትና ለሕፃናት ጥጥ ይመረጣል።

ሳልባጅ የሚገዛም ሰው ይህን ያስብ፤ የሰው ልብስ መልበስ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሳይታጠብ አይለበስ። የግርሻ ትኩሳት የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በልብስ ስፌት ውስጥ በሚሸሸግ ቅማል ነው፤ ስለዚህ በፈላ ውሃ አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ ይገባል። ጫማ ሲሆን ከሰዓት በኋላ፥ እግር በሥራ ከዋለ በኋላ ለክቶ መግዛት መልካም ነው፤ ጠዋት የሚመች ጫማ ማታ ሊያጠብቅ ይችላልና። በረባሶ እሾህን ይከላከላል እንጂ አፈርን አያስቀርም፤ ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ ደግሞ እግርን ያልባል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እግሩም ጫማውም ታጥበው ይድረቁ። ሽፍን የሆነ ጠንካራ ጫማ የሚቻለው ሰው ቢገዛ ይመረጣል።

ሸማኔውንም አንርሳ። ብዙ ዘመን በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የሠራውን ኩታ ለብሰን ቅዳሴ እየቆምን የሠራውን እጅ ብንንቅ ጸሎታችን እንደ ምን ይሰማል? ዋጋውን እስከ ጥግ እየተከራከሩ ማሳነስ፥ ወይም ሥራውን ተቀብሎ ክፍያውን ማዘግየት የምንዱባንን ደመወዝ እንደ መከልከል ነው። በዓሉን ያስጌጠ ሰው ራሱ በበዓሉ ቀን ሊራብ አይገባም።

የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ግን ይህ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በክብር ወንበር አስቀምጠው፥ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ግን ወዲያ ቁም የሚሉትን ክፉኛ ገሥጿቸዋል (ያዕ. 2፥2-4)። ዛሬ በየአጥቢያችን «ልብስ የለኝም» ብለው ከቅዳሴ የሚቀሩ አሉ። እግራቸው ስላበጠና ሽታው ስለሚያሳፍራቸው ከቅጽሩ ውጭ ቆመው የሚያስቀድሱ፥ ከማኅበርና ከሠርግም የሚርቁ አሉ። አንዳንዶች ደግሞ የሰርግ ልብስ ሳይለብስ የገባውን ሰው ምሳሌ (ማቴ. 22፥11) እየጠቀሱ በድኻው ላይ ይፈርዱበታል፤ ነገር ግን ያ ልብስ ከገበያ የሚገዛ ጨርቅ እንዳይደለ፥ ሃይማኖትና ምግባር እንደ ሆነ አባቶቻችን ተርጉመውታል። ስለዚህ ካህን ሆይ፥ በደጅ የቆመውን በስሙ ጠርተህ አስገባው። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞች ሆይ፥ ከድግሱ ወጪ ጥቂቱን ቀንሳችሁ በየዓመቱ ለጥቂት ሕፃናት ጫማ ግዙ። ባለጠጋ ሆይ፥ ሁለተኛውን ጋቢ ከሣጥን አውጣ፤ ብል ከሚበላው ወንድምህ ይልበሰው።

ጌታችን በኀሙስ ማታ ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል (ዮሐ. 13፥5)። የንጉሦች ንጉሥ ያጠበውን እግር እኛ ልንጸየፈው አንችልም። በመጪው ጥምቀት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ሕዝቡ በነጭ ልብስ ተሸልሞ ይከተላል። በዚያ ቀን አንድም ሕፃን ባዶ እግሩን ሳይሆን፥ አንድም የታመመ ወደ ኋላ ሳይቀር፥ አንድም ቤት በልብስ ዕዳ ሳይታሰር ቢውል፥ ያን ጊዜ በእውነት በሚገባ ለበስን እንላለን። ይህን እንድናደርግ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።