የስኳር እንቁላል በኀዘን ዓመት

ጎረቤት በኀዘን ላይ ሳለ፣ ስኳርም በውድ በሚገዛበት ጊዜ፣ ሰው ለበዓል ጌጥ የሚሆን ነገር ከስኳር ቢሠራ ጥፋት ነውን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኛም ትንሽ መስሎን በቶሎ ፈርደን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጀውሃ፣ በአንዲት እናት ቤት በእንግድነት አደርን። በዚያው ዓመት በጥር ወር በጀውሃና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት ደርሶ ነበርና ለቅሶው ገና ከየቤቱ አልወጣም። እኅታችን ግን በማለዳ ተነሥታ አንድ ኪሎ ስኳር በሳፋ ገለበጠች። በቤይሩት ሰው ቤት ስታገለግል ለፋሲካ ሲሠራ ያየችውን የስኳር እንቁላል ለልጆች ልታሳይ ነው።

ሁለት ሦስት ማንኪያ ውኃ ብቻ ጠብ እያደረገች አሸችው፤ ጨብጣ ስትለቀው የጭብጧን ቅርጽ ይዞ እስኪቀር ድረስ። ከዚያም በደረቅ ሲኒ አጥብቃ ጠቀጠቀችውና በትሪ ላይ ደፋችው። የኛ ሲኒ እጀታ የለውም፤ ሆዱም ክብ ነውና ለዚህ ሥራ የታሰበ ይመስላል። ውጩ ሲጠነክር፣ ውስጡ ገና እርጥብ ሳለ፣ በማንኪያ ፈለፈለችው፤ የተፈለፈለውንም ወደ ቤቱ የስኳር ዕቃ መለሰችው። በአውሮጳ ፋሲካ የፀደይ በዓል ነው፤ በኛ ዘንድ ፀደይ ከመስከረም ጋር ስለሚመጣ የሚያዝያው ፋሲካ የሚያገኘው ሙቀቱን ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ማግሥቱ የሚቆየው በጀውሃ ከቀትር በፊት ደረቀ። ሁለቱን ክፋይ ለማጋጠም ስኳር በሙቀጫ ደቁሳ ከእንቁላል ነጩ ጋር መታችው፤ በእርድም ቢጫ አደረገችው። ጾም ነውና ጣቷን ሳትልስ በጨርቅ ጠረገች።

እኛ ግን፣ «እኅቴ፣ ይህ ስኳር ለለቅሶ ቤት ሻይ ቢሆን አይሻልም ነበርን?» አልናት።

እጇን ከሥራው ሳታነሣ፣ «አባ፣ ለለቅሶ ቤቱስ ወስጃለሁ። እነዚህ ልጆች ግን ከጥር ወዲህ ሲጫወቱ አላየኋቸውም» አለች። ስድስት ልጆች፣ የራሷና የጎረቤት፣ ትሪውን ከብበው ነበር።

ከሌላ ሀገር ልማድ ብንጠይቅ፣ የፖላንድ ካቶሊካውያን በቅርጽ የተሠራ የስኳር በግ ቀይ ሰንደቅ አስይዘው በቅዳሜው ለቡራኬ ይወስዳሉ፤ በግብፅም ለመውሊድ ለሴት ልጅ የስኳር አሻንጉሊት፣ ለወንድ ልጅ የስኳር ፈረሰኛ ይገዛል። በሀገራችን ግን ጥንታዊው የበዓል ጣፋጭ ማር ነው። የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነውና አባቶቻችን ስለ ስኳር ጌጥ የተዉልን ሥርዐት የለም፤ ራሳችን ልናመዛዝን ይገባል።

በቢታንያ ሽቱው በጌታ እግር ላይ በፈሰሰ ጊዜ፣ በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ስላለመሰጠቱ የጠየቀው ይሁዳ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ይነግረናል (ዮሐ. 12፥1-8)። ብዙዎቻችን ይህን የምናነሣው ጠያቂውን ዝም ለማሰኘት ነው፤ ትክክል አይመስለንም። ጥያቄው ከሌባ አፍ ቢወጣም ጥያቄነቱ አይቀርም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ድኻው በደጅ እየተራበ መሠዊያውን በወርቅ ዕቃ የሚሞሉትን ገሥጿል። ስለዚህ ያቺን እናት ነጻ የሚያወጣት «ለበዓል ነው» ማለቷ ብቻ አይደለም። አስቀድማ ለለቅሶ ቤቱ ድርሻውን አድርሳለች፤ የቀረውንም ከራሷ ቤት ሻይ ቀነሰች እንጂ አልተበደረችም። ለበዓል ክብር ተበድረው እስከ ሰኔ የሚጨነቁ ቤተ ሰቦች ስላሉን ይህን መለየት ግድ ነው።

ስሌታችንም ጐደሎ ነበር። ለኀዘንተኛ የሚቀርበው ሻይ ረኀብ አያስታግሥም፤ የሚሰጠው ማጽናኛ ነው። ስኳሩን ለአዋቂዎች ማጽናኛ ስንፈቅድ ለልጆቹ የከለከልነው፣ የልጅ ኀዘን ድምፅ ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም ወርቅ ይቀመጣል፤ የስኳር እንቁላል ግን ለመሰበር የተሠራ ነው። በቁም ሣጥን ለእንግዳ ዓይን የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ፍርዳችንን ባላነሣን ነበር።

እንቁላሉ ባዶ መሆኑን አይተን፣ ልማድ ነውና፣ የባዶውን መቃብር ምሥጢር ለልጆቹ ልንገልጥ ጀመርን። «አይ አባ፣ የምንከትበት ስለሌለን ነው እንጂ» ብላ ሳቀች። ልጆቹም ሳቁ።

ለበዓሉ ወደ ቁምስናችን ሄደን ረቡዕ በዚያው ስንመለስ አምስቱ በትንሣኤ ዕለት፣ ሚያዝያ 8 ቀን፣ ተሰብረው ነበር። ስድስተኛው ቀርቷል። ከልጆቹ አንዷ ሙስሊም ናት፤ ወላጆችዋም ገና በረመዳን ጾም ላይ ስለ ነበሩ የርሷ ከነርሱ ጋር በዒድ እንዲሰበር ተወስኖ ነበር፤ ዒዱም ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። በደረስን ጊዜ ጉንዳን አግኝቶታል። እኅታችን በላባ አራግፋ እንቁላሉን በሳሕን አደረገችው፤ ሳሕኑንም ውኃ በያዘ ሳፋ መካከል፣ በተደፋ ሲኒ ላይ አስቀመጠችው።