ስለ ፉከራና ስለ ምስክሩ

በጎጃም ሰው ዘንድ ፉከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ቀረርቶው በረዥም ዜማ ልብን ያሞቃል፤ ሽለላውም ይከተላል። ከዚያ ፎካሪው መሣሪያውን ይዞ ከሰው መካከል ዘሎ ይገባና፥ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፥ «ዘራፍ» ብሎ የዘሩንና የሥራውን ነገር ይቆጥራል። እንዲህ ያለው ልማድ በሌላውም ዓለም ይገኛል። የጥንት ስፓርታ ሰዎች ልጆቻቸውን ፒሪኬ በሚባል የጦር ጭፈራ ያለማምዱ ነበር፤ የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም ምድሩን በእግራቸው፥ ጭናቸውን በእጃቸው እየመቱ የሚያሳዩት ሃካ ዛሬ በራግቢ ሜዳ ሳይቀር ይታያል።

ነገር ግን ሰውን መግደሉን በአደባባይ እየቆጠረ መመካት ለክርስቲያን ይገባዋልን?

አይገባም የሚሉ ሁሉ አርባ ቀን የፎከረውን ጎልያድን ይጠቅሳሉ። ሆኖም ዳዊትም ዝም አላለም፤ በእግዚአብሔር ስም መለሰለት። እንግዲህ ነውሩ ከመናገሩ ሳይሆን፥ ቃሉን የሚፈትነው ምስክር ከመታጣቱ ነው። በቀድሞ ዘመን ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ግዳዩን በጌታው ፊት ጥሎ ሲፎክር አጠገቡ የተዋጉት ይሰሙት ነበር፤ ቢዋሽ የሚያፍረው በእነርሱ ፊት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያ አገሩን በያዘችበት ጊዜም በቢቸና በኩል ከበላይ ዘለቀ ጋር የተሰለፈ አርበኛ ማታ ቢፎክር፥ ቃሉ ዕዳ ነበረ፤ በማግሥቱ ይከፍለዋል።

በሉማሜና በዙሪያዋ በጥር ሠርግ ጠላ ጠጥቶ የሚፎክረው ግን ዕዳም የለበት፥ ምስክርም የለው። ይህም ባልከፋ፤ ከዳሱ ውስጥ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ተቀምጦ እንደ ሆነስ? ለሌላው ደስታ የሆነው ቃል ለእርሱ ስድብ ነው። ሳኦል በዳዊት ላይ ጦሩን የወረወረው፥ ከጎልያድ ፉከራ የተነሣ አልነበረም፤ ሴቶች ከበሮ ይዘው ስለ ዘፈኑለት ቅናት ስለ ገባው ነው። ሽማግሎች ከካህን ጋር መስቀል አስይዘው ስንት ወር የደከሙበትን እርቅ አንድ ማታ ሽለላ ሊያፈርሰው ይችላል።

የልቅሶው ፉከራ ከዚህ ይለያል። ሟቹ ስለ ራሱ ሊያጋንን አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚናገሩት ኑሮውን ያዩ ጎረቤቶቹ ናቸው። በሰው እጅ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ያው ፉከራ ለልጁ የበቀል ጥሪ ይሆንበታል፤ ነፍስ አባትም ፍትሐቱን ካደረሱ በኋላ ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ከልጁ ጋር መቀመጥ ያለባቸው ያን ዕለት ነው።