ማንም ያልተመኘው ገጸ ባሕርይ

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ትወና የሚያምራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስታወሩም እሰማለሁ፤ «መሪ ተዋናይ ካልሆንኩ አልሠራም» ትላላችሁ፣ «ፖስተሩ ላይ ፎቶዬ ከሌለ ምን ዋጋ አለው» ትላላችሁ። ክፉ ምኞት አይደለም። ነገር ግን በዚህ ሙያ ያረጁትን ሰዎች ሕይወት ብትመረምሩ፣ ስማቸውን ያቆየላቸው ብዙውን ጊዜ ሌላው ተዋናይ ዞር ብሎ ያላየው ሥራ ነው። የአባባ ተስፋዬን ነገር ላንሳላችሁ።

ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ወደ መድረክ በመጡበት ዘመን ሴት ልጅ ቲያትር ትሠራለች ብሎ ማሰብ ነውር ነበር። ድርሰቱ ላይ ግን እናት አለች፣ ሙሽራ አለች፣ ንግሥት አለች። እነሱን ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ከእነዚያም አንዱ ወጣቱ ተስፋዬ ናቸው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚወረወርበት አገር፣ ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ሲወጣ ምን ምን እንደሚባል መገመት አያቅታችሁም።

ለቀልድ ከሆነማ ማንም ይሠራዋል። ወንድ የሴት ልብስ ለብሶ ሰው ማሳቅ ምን ይከብዳል? የሚከብደው አለማሳቅ ነው። ልጇ የሞተባት እናት ሆኖ ወጥቶ፣ ተመልካቹ ከቀሚሱ ሥር ያለውን ወንድ ረስቶ እንዲያለቅስ ማድረግ። ለዚህ ሰው ማየት ያስፈልጋል። ለደስታ ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ ለለቅሶ ጥለቱ እንዴት እንደሚዘቀዘቅ፣ የሐዘንተኛ እጅ ደረት ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ በዓይን ለቅሞ መያዝ ያስፈልጋል። አንዷን ከሳታችሁ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ ተውኔቱም እዚያው ያልቃል። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ደፋር ሴቶች መጥተው ቦታቸውን ሲይዙ የወንዶቹ ቀሚስ ተሰቀለ። በቀሚሱ የተማሩት ግን አብሮ አልተሰቀለም፤ ሰው ማየት የለመደ ዓይን ለሌላውም ገጸ ባሕርይ ያገለግላል።

ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በዘመተ ጊዜ ወታደሩን ለማዝናናት ከሄዱት አንዱም አባባ ተስፋዬ ነበሩ። መጋረጃም መብራትም በሌለበት ቦታ፣ ነገ ግንባር ለሚገባ ሰው መጫወት እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ አስቡት። ከዚያ በኋላ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ «ኦቴሎ»ን ጨምሮ በብዙ ተውኔቶች ተጫውተዋል። ይህን የቲያትር ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርኩላችሁ።

እኔ ላወራችሁ የምፈልገው ስለ ልጆች ፕሮግራሙ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ትልቅ መድረክ የለመደ ተዋናይ ለሕፃናት ተረት ንገር ቢባል ብዙዎች እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበር። እሳቸው ተቀበሉት፤ ለ42 ዓመታትም ያዙት። ያኔ በአንድ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ወይም ሁለት ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እግሩን ታጥቦ በዚያ ቤት ወለል ላይ ይደረደራል። አባባ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ፣ ያ ሁሉ ልጅ በአንድ አፍ ለሣጥኑ መልስ ይሰጣል። የሚሰሙት ይመስለዋል! እንዲህ ያለ እምነት በአጋጣሚ አይገኝም። ጅቡን ሲሆኑ በሙሉ ጉሮሯቸው ጅብ ነበሩ፣ ጦጣዋን ሲሆኑ ትከሻቸው ሳይቀር ጦጣ ነበር። «ለልጅ ነው፣ ይበቃዋል» ብለው አንድም ቀን አልቆጠቡም። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሕዝብ አብዛኛው በመድረክ አይቷቸው አያውቅም።

ወጋየሁ ንጋቱንም አስቡ። ብርቱ የመድረክ ሰው ነበር፤ አገር በሙሉ ያወቀው ግን ፊቱ በማይታይበት ሥራ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጉዱ ካሣም፣ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ሰብለ ወንጌልም ከአንድ ጉሮሮ ይወጡ ነበር። ዛሬ መጽሐፉን ገልጦ በወጋየሁ ድምፅ የማያነብ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም።

ተዋናዩን ደበበ እሸቱን ደግሞ ሰው የሚያነሣው በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ነው፤ ሆሊውድ የሚለው ስም ስለሚያስደስተን ይመስለኛል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን፣ ከዚያ ከአርባ ዓመት በኋላ በእስራኤል የሠራውን የባዚ ጌቴን ፊልም «ቀይ ቅጠሎች»ን እዩ እላችኋለሁ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት እየተዘዋወረ ለመኖር የወሰነ ግትር ቤተ እስራኤላዊ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወታል። ሰውዬው አይወደድም፤ ንግግሩም ጥቂት ነው። ልጆቹ ሲያወሩ ጥግ ተቀምጦ ዝም የሚለውን አስተውሉ። ያን ዝምታ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሊሠራው አይችልም፤ በመድረክ የኖሩበት ዘመን ነው የሚሠራው።

ይህን ስላችሁ ግን በነጻ ሥሩ ማለቴ አይደለም። የሙያው ፍቅር የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሕይወታቸውን ለጥበብ ሰጥተው፣ ሲታመሙ ለሕክምናቸው ከሕዝብ ገንዘብ የተዋጣላቸውን አይተናል፤ ያሳፍራል፣ የሚያሳፍረውም እነሱን ሳይሆን እኛን ነው። ስለዚህ ውል ሳትፈርሙ ልምምድ አትጀምሩ። ክፍያችሁን ተደራደሩ። ገጸ ባሕርይው ትንሽ ነው ብላችሁ ግን ልምምዱን አታሳንሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የሰፈራችሁን ትንንሽ ልጆች ሰብስቡና፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ፣ አንድ ተረት ንገሯቸው። እንዳትቀረጹ። ልጅ ለይሉኝታ አያጨበጭብም፤ ሲሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል። የመጀመሪያው ልጅ የተነሣው የትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ልብ በሉ፤ እቤት ስትገቡ ልምምዳችሁን ከዚያ ጀምሩ።