ለነፃ አውጪ ዕዳው መቼ ያልቃል?

ዶዮገና ተማሪ ሳለሁ ግንቦት 20 ሲደርስ ሜዳ ላይ ተሰልፈን ለሰማዕታት የኅሊና ጸሎት እናደርግ ነበር። አንዴ ይህንኑ ለአያቴ ነገርኳት። እንሰት እየፋቀች ነበር። «ለእኔስ ልጅ ቆማችሁለታል?» አለችኝ።

አጎቴ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ቀረ። የሞተው እኛ ከምናስባቸው ታጋዮች ጋር ሲዋጋ ነው።

ነፃ ያወጣ ሰው የመግዛት መብት ያገኛል እንዴ? እኛ ስንሰማው ያደግነው መልስ «አዎ» ነበር፤ በግልጽ ባይባልም። ደደቢት፣ 17 ዓመት፣ የፈሰሰው ደም። ደም ከተነሳ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? በእኛ በኩል ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ ደቡብን ያስተዳድር የነበረው ደኢህዴን የተቋቋመው ከድሉ በኋላ ነው። እሱ ያልተዋጋበትን ውለታ ይሰበስብ ነበር።

ውለታው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ታናሹ ልጇ፣ አባቴ፣ ከመዝመት ተረፈ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ግን ይህንንም አስቡት። የሕወሓት ትግል ደደቢት ላይ የተጀመረው የካቲት 11 ቀን 1967 ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 25፣ ደርግ የገጠር መሬት አዋጁን አወጣ። አያቴ ከጭሰኝነት የወጣችው በዚያ አዋጅ ነው። ለእሷ የመጀመሪያው ነፃ አውጪ ደርግ ነበር! ውለታ የመግዛት መብት የሚሰጥ ከሆነ፣ ልጇ ሲወሰድም ዝም ማለት ነበረባት ማለት ነው። እሷ ግን ለመሬቱ አመሰገነች፣ ለልጇ አለቀሰች፤ ሁለቱን አላካካሰችም።

ዕዳው መቼ እንደሚያልቅ የሚወስነው ባለዕዳው ሳይሆን አበዳሪው ብቻ ከሆነ፣ ይሄ ውለታ አይደለም፣ አራጣ ነው። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ሲወስዱ ድሉ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። የደቡብ አፍሪካው ኤኤንሲም ማንዴላን ይዞ እንኳ ለዘላለም አልዘለቀም፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ድምፅ አገኘ። አፓርታይድን ያላዩ ልጆች ውለታ ቢስ ናቸው? አይመስለኝም። የጠየቁት ሥራና መብራት ነው። ኢሕአዴግ ግን ድምፅ ተቆጥሮበት አልወረደም፤ በ2012 ከስሞ ብልፅግና ሆነ።

አያቴ ያኔ በሕይወት አልነበረችም። የአጎቴ ፎቶ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ የወታደር ልብስ እንደለበሰ። የማታውቀው እንግዳ ሲመጣ አውርዳ አልጋ ሥር ታስገባው ነበር።