ኢየሩሳሌም የደረሰ ሰው ለምን ተራራ ይወጣል?

ስግድ የሚለው ስም «ሰገደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በዓሉ ምህላም ይባላል። ቤተ እስራኤሎች ከአስተሰርዮ ጾም ሃምሳ ቀን ቆጥረው፣ በጎንደር አምቦበር አጠገብና በሌሎችም ቦታዎች ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። ከሩቅ የሚመጣው ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይደርሳል። ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ ይወጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይመራሉ፤ ከሕዝቡም ለትሕትና ድንጋይ ተሸክሞ የሚከተል አለ። በግዕዝ የተነበበው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። ከዚያ ወርደው ጾማቸውን በዳቦ ይፈታሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል፣ ተራርቆ የከረመ ዘመድ ይጠያየቃል።

የዚያ ሁሉ ጸሎት ፊቱ ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። በሱዳን በኩል ለመድረስ ሲሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድና በመጠለያ አለቁ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ገቡ። ዛሬ በዓሉ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አሮጌውን ከተማ ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ይከበራል። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) የእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሕግ አወጣ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ የተለመነው ከተገኘ ልመናው ምን ይሠራል? ቤተ መቅደሱ ገና አልታነጸም የሚል መልስ አለ። ልጆች የወላጆቻቸውን መከራ እንዳይረሱ የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን ሦስተኛውን መልስ የያዘው በተራራው ላይ የሚነበበው ራሱ ነው።

በዕለቱ ከሚነበቡት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው። በዚያ ታሪክ ጾመው፣ ትቢያ ነስንሰው፣ ኃጢአታቸውን ተናዘው ቃል ኪዳን የሚያድሱት ሰዎች ስደተኞች አይደሉም። ከምርኮ ተመልሰው ኢየሩሳሌም የገቡ ናቸው። አምቦበር ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ገበሬ፣ ሳይደርስ የደረሱትን ሰዎች ኑዛዜ ይሰማ ነበር። መድረስ የሂሳብ መዝጊያ ሳይሆን መክፈቻ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮታል ማለት ነው።

በዚያው መጽሐፍ ድሆች በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ይጮኻሉ፤ በዕዳ ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰዋልና። በቅጥሩ ውስጥ መሆን ብቻውን ወንድምነትን አያመጣም። ቤተ እስራኤሎችም ይህንን በኑሮ አይተውታል። ዘመናት ሃይማኖታቸውን ጠብቀው መጥተው አይሁድነታቸው ተጠራጠረ፤ ልጆቻቸው በቆዳቸው ቀለም ተናቁ። ስለዚህ ስግድ የተቀባዩም ምርመራ ነው። ባለ ሥልጣን በበዓሉ ላይ ተገኝቶ ንግግር ቢያደርግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩን ተሸካሚው እንግዳው ብቻ ከሆነ ቃል ኪዳኑ ግማሽ ነው።

ናፍቆት ሰውን ያስተባብራል፤ የናፈቁትን ማግኘት ግን ሊበትን ይችላል። አባቶች ተራራውን ከናፍቆት ጋር ብቻ ሳይሆን ከኑዛዜ ጋር ማሰራቸው ጥበብ ነበር። ናፍቆት አንድ ቀን ይሞላል፤ «ለወንድሜ ምን አደረግሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ መልስ ይፈልጋል።